የስካንዲኔቪያ ቅድመ አያት በየትኛው መርከብ አሜሪካ ገባ? አፈላለጉ እንዲህ ነው

ሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ ጎረቤቱ፣ አለቃው፣ አንዳንዴም አማቱ የኖርዌይ ወይም የስዊድን ዘር ነው። ልጆች ተወልደው ሲያድጉ ደግሞ «የእናቴ ወገኖች በምን መጡ?» ማለታቸው አይቀርም። መዝገቡ አለ፤ አብዛኛውም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። የምትፈልጉት ብዙ ጊዜ አንድ መርከብ ሳይሆን ሁለት ነው። በ1800ዎቹ መጨረሻ አብዛኛው ስደተኛ ከጎተንበርግ ወይም ከክሪስቲያኒያ (የዛሬዋ ኦስሎ) በትንሽ መርከብ ወደ እንግሊዟ ሃል ከተማ ይሻገራል። ከሃል በባቡር ሊቨርፑል ይገባል። አትላንቲክን የሚያቋርጠው ትልቁ መርከብ የሚነሳው ከዚያ ነው። ከጎተንበርግ ወደ ሃል ይመላለሱ ከነበሩት የዊልሰን ኩባንያ መርከቦች አንዱ «ሮሜዮ» ነው። ይህን ስም ይዞ የኒውዮርክን መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ዓመት ቢቀመጥ አያገኘውም።

1. ከአሜሪካ በኩል ጀምሩ

የ1900፣ የ1910 እና የ1920 የሕዝብ ቆጠራ እያንዳንዱ ስደተኛ የገባበትን ዓመት ይጠይቅ ነበር። መልሱን ግን እንዳለ አትመኑት። ሰው ይረሳል፤ ወዲህና ወዲያ ሁለት ሦስት ዓመት ጨምራችሁ ፈልጉ። ከ1906 መጨረሻ በኋላ ዜግነት ያመለከተ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ ማመልከቻው ላይ የመርከቡ ስምና የገባበት ቀን ይጻፋል። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መዝገቦችንም አትለፉ።

ከዚህ ሁሉ የምትፈልጉት የትውልድ ቀኑንና የአጥቢያውን ስም ነው። «ከስዊድን መጣ» ብቻ የትም አያደርሳችሁም።

2. ስሙን አስተካክሉ

ይሄ ለእኛ አይከብድም። የአንደርስ ልጅ ፔር «ፔር አንደርሰን» ይባላል፤ እህቱ ደግሞ «አንደርስዶተር» ናት። የአባት ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። አሜሪካ ከገቡ በኋላ አንዱን ስም ለዘር ማንዘር አጸኑት። ብዙ ኖርዌጂያን ደግሞ የተወለዱበትን እርሻ ስም ያዙ። ስለዚህ በአሜሪካ ስሙ ብቻ አትፈልጉ፤ የአባቱን ስምና የእርሻውንም ሞክሩ።

«ኤሊስ አይላንድ (የኒውዮርኩ የስደተኞች መግቢያ) ላይ ጸሐፊው ስማችንን ቀየረው» የሚል ወሬ በየቤቱ አለ። ጸሐፊው የሚያየው መርከቡ ከተነሳበት ወደብ ተጽፎ የመጣውን ዝርዝር ነበር። ስሙን የቀየሩት ኋላ ራሳቸው ናቸው።

3. የመነሻውን የፖሊስ መዝገብ ክፈቱ

የጉዞ ወኪሎች ለስደተኛ የሚሰጡትን ውል ፖሊስ ያየው ነበር። ይህ ለእኛ በረከት ሆነ። የክሪስቲያኒያና የትሮንድሄም መዝገብ ከ1867፣ የጎተንበርግና የኮፐንሃገን ከ1869፣ የበርገን ከ1874 ይጀምራል። የኖርዌዩን ዲጂታልአርኪቬት በሚባለው ድረ ገጽ ታገኙታላችሁ።

ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ቦታ፣ መድረሻ። ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮችም አንብቡ። የአንድ አጥቢያ ሰዎች አብረው ይወጡ ስለነበር ወንድም ወይም ጎረቤት እዚያው ሊኖር ይችላል። የስዊድን ከሆነ የአጥቢያውን መዝገብ ጎን ለጎን እዩ፤ ቄሱ «ወደ ሰሜን አሜሪካ» ብሎ የሄደበትን ቀን ይጽፋል።

4. ቀኑን አስሉ፣ ከዚያ ኒውዮርክን እዩ

በ1880ዎቹ ወደ ሃል ሁለት ቀን ገደማ፣ ባቡሩና የሊቨርፑል ጥበቃ፣ ከዚያ አትላንቲክ ላይ አሥር ቀን አካባቢ። ከመነሻው ቀን ሁለት ሦስት ሳምንት ቆጥራችሁ የኒውዮርክን የተሳፋሪዎች ዝርዝር ፈልጉ። ከ1855 እስከ 1890 መግቢያው ካስል ጋርደን ነበር፤ ኤሊስ አይላንድ የተከፈተው በጥር 1892 ነው።

የተተየበውን ስም ብቻ አይታችሁ አትውጡ። የእጅ ጽሑፉን ምስል ክፈቱ። ከ1907 በኋላ ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ሆኗል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለተኛውን አይገልጠውም። ትኬቱን ማን ከፈለ? ማን ጋ ይሄዳል? አገር ቤት የቀረው የቅርብ ዘመድ ማነው? ቁመቱ፣ የፀጉሩ ቀለም፣ ሁሉም አለ። ለጊዜው የተያዙ ሰዎች ደግሞ ለብቻ ገጽ አላቸው። ባሏን የምትጠብቅ፣ የገንዘብ ሐዋላ የዘገየበት፣ እዚያ ምክንያቱ ይጻፋል። ስንት ቁርስ፣ ስንት ምሳ፣ ስንት እራት እንደበሉ ሳይቀር ተቆጥሯል።

5. ኒውዮርክ ከሌለ

ቦስተንንና ፊላደልፊያን ሞክሩ። ከ1880 ጀምሮ ከኮፐንሃገን በቀጥታ የሚሄድ ቲንግቫላ የሚባል የመርከብ መስመር ስለነበር ለዴንማርክ ሰው እንግሊዝን መዝለል ይቻላል።

በ1850ዎቹና በ60ዎቹ የወጣ ኖርዌጂያን ከሆነ ግን ቀድማችሁ ኩቤክን እዩ። እንጨት ሊጭኑ ወደ ካናዳ የሚሄዱ ሸራ መርከቦች ባዶ ከሚሄዱ ሰው ይጭኑ ነበር። የኩቤክ ዝርዝር ከ1865 ጀምሮ አለ። ከዚያ በፊት ለወጣ ሰው የኖርዌዩ አጥቢያ መዝገብ ላይ «የወጡ» የሚለውን ክፍል ፈልጉ።