ከጦስኝ እስከ ሜቲል ኦሬንጅ፦ የሞለኪውል መሳያ ሶፍትዌር አጠቃቀም ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

የሞለኪውል መሳያ ሶፍትዌር ከተራ የሥዕል መሳያ የሚለየው የትኛው አተም ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ከሥዕሉ ጀርባ መዝግቦ ስለሚይዝ ነው። ፎርሙላውን፣ የሞላር ክብደቱንና ስሙን የሚያወጣው ከዚያ መዝገብ እንጂ ከሚታየው መስመር አይደለም። ስለዚህ ለዓይን የተዋጣለት ሥዕል መዝገቡ ውስጥ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ደሴ ላይ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚማር፣ ወይም ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለ ጨርቅ ማቅለሚያ የሚያጠና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ምርጫው ብዙ ነው፤ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል። ኬምድሮው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረና በምርምር ጆርናሎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ግን ፈቃዱ በገንዘብ ይገዛል። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የተሰበረ ቅጂ ተዉት፤ ቫይረስ ይዞ ከመጣ የሚያጠፋው ሌላውን ጽሑፋችሁንም ጭምር ነው። ኬምስኬች ለትምህርትና ለግል ሥራ በነፃ የሚሰጥ ቅጂ አለው። ዊንዶውስ ላይ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኬቸር ደግሞ ክፍት ምንጭ ሆኖ ብሮውዘር ውስጥ የሚከፈት ነው፤ መጫን አያስፈልገውም፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቤት ለሚሠራ ሰው ኬምስኬች ይሻላል። ላፕቶፕ የሌለውና በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ኬቸርን ይያዝ። አንዱን የለመደ እጅ ሌላውን ለመልመድ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም።

ከመጀመራችሁ በፊት የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን አማርኛ መጻፊያ ክፍት ሆኖ ሳለ የናይትሮጂንን ፊደል ብትጫኑ ሶፍትዌሩ የሚደርሰው «ን» ነው፤ አቋራጭ ቁልፍ አይሆንለትም። «አይሠራም» ተብሎ እንደገና እስከ መጫን የሚደርሰው ችግር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ መጫን ቋንቋውን ይቀይራል፤ ለብቻው የተጫነ የግዕዝ መጻፊያ ካለ ደግሞ እሱን ዝጉት።

መለማመጃ፦ ቲሞል

ቲሞል በወሎ ደጋ በሚበቅለው ጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኝ ነው። ከእሱ ጋር አብሮ የሚገኘው ካርቫክሮል የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም ካርቦን 10፣ ሃይድሮጂን 14፣ ኦክስጅን 1 አላቸው፤ ሁለቱም በሞል 150.22 ግራም ይመዝናሉ። ልምምዱን በእነሱ መጀመር የሚበጀውም ለዚህ ነው።

1. ከተዘጋጁት ቅርጾች መካከል የቤንዚን ቀለበትን መርጣችሁ ባዶ ቦታ ላይ አንዴ ጠቅ አድርጉ። (መኪና የሚቀዳው ቤንዚን ሌላ ነው፤ አማርኛው አንድ ስላደረጋቸው ነው።) ባለ ስድስት ማዕዘን ሁለት ቀለበቶች ጎን ለጎን አሉ፤ ሦስት ድርብ ቦንድ (በሁለት መስመር የሚሳል ትስስር) ያለበትን ምረጡ።

2. ነጠላ ቦንድን ያዙና የቀለበቱን አንድ ማዕዘን ጠቅ አድርጉ። አዲስ ቦንድ በራሱ ማዕዘን ይበቅላል። በእጅ ጎትቶ አቅጣጫውን ለማስተካከል መታገል አያስፈልግም።

3. ኦክስጅንን ምረጡና የበቀለውን ቦንድ ጫፍ ጠቅ አድርጉ። ሃይድሮጂኑን ሶፍትዌሩ ራሱ ይጨምራል። «ኦኤች» ብሎ በጽሑፍ መሳሪያ መጻፍ ትልቁ ስህተት ነው፤ ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ለሶፍትዌሩ ግን ጽሑፉ ከምንም ያልተያያዘ ፊደል ነው፣ ቦንዱም ጫፉ ላይ ካርቦን እንደያዘ ይቆጠራል።

4. ከኦኤቹ ቀጥሎ ያለውን ማዕዘን በነጠላ ቦንድ ጠቅ አድርጉ፤ ከዚያ የበቀለውን ጫፍ ሁለት ጊዜ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ ጠቅ አድርጉ። ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አይሶፕሮፒል ይህ ነው። ቶሎ ቶሎ ከነካችሁት እንደ ድርብ ጠቅታ ሊቆጥረው ይችላል።

5. ከአይሶፕሮፒሉ ትይዩ ያለውን ማዕዘን፣ ማለትም ሦስት እርምጃ ቆጥራችሁ የምታገኙትን፣ አንዴ ጠቅ አድርጉ። ሜቲሉ፣ ማለትም አንድ ካርቦን ያለው ቅርንጫፍ፣ ይህ ነው።

ከዚያ ማስተካከያውን ተጠቀሙ፤ ኬምስኬች ላይ ኤፍ9፣ ኬቸር ላይ ከላይ ካሉት ምልክቶች አንዱ ነው። የቦንዶቹን ርዝመትና ማዕዘን እኩል ያደርጋል። የተሳሳተ ትስስርን ግን አያርምም፤ ስህተቱን አሳምሮ ያስቀምጠዋል እንጂ።

ቁጥሩ የሚናገረው

አሁን ፎርሙላውን ተመልከቱ። ኬምስኬች ከታች ባለው መስመር ላይ ያሳየዋል፤ ኬቸር ውስጥ የስሌት መስኮቱን መክፈት ይጠይቃል። የወጣው ቁጥር የት እንደተሳሳታችሁ በቀጥታ ይጠቁማል። ሃይድሮጂኑ 14 መሆኑ ቀርቶ 20 ከሆነ ድርብ ቦንድ የሌለበትን ቀለበት መርጣችኋል፤ የሳላችሁት ሜንቶል ነው። ካርቦን 9 እና ሃይድሮጂን 12 ካለ ሜቲሉ ተረስቷል። ድምሩ ካርቦን 11፣ ሃይድሮጂን 18 ከሆነ፣ ወይም ሁለት የተለያዩ ፎርሙላዎች ከወጡ፣ ሜቲሉ ቀለበቱን የነካ ይመስላል እንጂ አልተያያዘም፤ ከጎኑ ለብቻው የተቀመጠ ኤቴን ሆኗል። ይህን ለማረጋገጥ አንዱን ሙሉ ቁራጭ በሚመርጠው መሳሪያ ቀለበቱን ይዛችሁ ጎትቱት። ተከትሎ ያልሄደ ነገር ካለ አልተያያዘም ማለት ነው። ወደ ነበረበት በኮንትሮልና ዜድ መልሱና የተነጠለውን አጥፍታችሁ ከማዕዘኑ ላይ እንደገና አብቅሉት።

ቁጥሩ ልክ ወጣ ማለት ግን ሥዕሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ኦኤቹ ከአይሶፕሮፒሉ ጎን ከሆነ ቲሞል፣ ከሜቲሉ ጎን ከሆነ ካርቫክሮል ነው፤ ፎርሙላውም ክብደቱም ሁለቱን አይለይም። እዚህ ላይ የሚያገለግለው ኢንቺኪ ነው። ይህ ሶፍትዌሩ ከመዝገቡ የሚያወጣው የ27 ምልክት ኮድ ሲሆን፣ በሁለት ሰረዝ ይከፈላል፦ 14 ፊደል፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። የመጀመሪያዎቹ 14 ፊደላት ስለ ትስስሩ ይናገራሉ። ፐብኬም በተባለው ነፃ የመረጃ ቋት ላይ ቲሞልን በእንግሊዝኛ ስሙ ፈልጋችሁ የእሱን ኢንቺኪ ከእናንተው ጋር አስተያዩ። 14ቱ ከተለያዩ ሌላ ሞለኪውል ስላችኋል። ፎርሙላን ብቻ አይቶ ከማለፍ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ በጣም ይሻላል።

ዌጅና ዳሽ

አንዳንድ ሞለኪውል እንደ ግራና ቀኝ እጅ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ አር፣ ሌላው ኤስ ይባላል። በድንብላል ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊናሎል የኤስ ዓይነቱ ነው። ይህን ለማሳየት ኦኤቹ ወይም ሜቲሉ በዌጅ (ወደ ተመልካቹ የሚወጣ ቦንድን በሚያሳይ ሙሉ ሽብልቅ) ወይም በዳሽ (ወደ ኋላ የሚሄድ ቦንድን በሚያሳይ የተቆራረጠ ሽብልቅ) መሳል አለበት። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀጭኑ ጫፍ አራት የተለያዩ ነገሮች በተያያዙበት ካርቦን ላይ ይሁን። ሰፊው ጫፍ እዚያ ካረፈ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ዌጁን የሌላኛው አተም አድርገው ያነቡታል፤ ሥዕሉ የሚያምር፣ ትርጉሙ የጠፋ ይሆናል። ስለዚህ ዌጅ ሲሳል ሁልጊዜ ከማዕከላዊው ካርቦን ጀምራችሁ ወደ ውጭ ጎትቱ። የተሳሳተውን በዚያው መሳሪያ ደግሞ ጠቅ ማድረግ በአብዛኛው አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። አር ይሁን ኤስ በእጅ ለመቁጠር አትድከሙ፤ ኬምስኬችም ኬቸርም ምልክቱን ማውጣት ይችላሉ። ኢንቺኪው ላይ ልዩነቱ የሚታየው በሁለተኛው ክፍል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 14 ፊደላት ለአርም ለኤስም አንድ ናቸው።

ቻርጅና ጨው

ማቅለሚያ ለሚያጠኑ የሜቲል ኦሬንጅ ሥዕል ጥሩ ፈተና ነው። ሁለት የቤንዚን ቀለበቶችን በሁለት ናይትሮጂን አገናኙ፤ በናይትሮጂኖቹ መካከል ድርብ ቦንድ አድርጉ። በአንዱ ጫፍ ሁለት ሜቲል የያዘ ናይትሮጂን፣ በሌላው ጫፍ ሰልፈር ከሦስት ኦክስጅን ጋር። ከሦስቱ ሁለቱ በድርብ ቦንድ ናቸው፤ ሦስተኛው በነጠላ ሆኖ የመቀነስ ምልክት በቻርጅ መሳሪያ ይሰጠዋል። ሶዲየሙ የመደመር ምልክት ይዞ ለብቻው ከጎን ይቀመጣል። ክብደቱ በሞል 327.33 ግራም ነው።

ብዙ ሰው ሶዲየሙን ከኦክስጅኑ ጋር በመስመር ያያይዘዋል። ይህን ስህተት ፎርሙላው አይዝም፤ ኢንቺኪውም ጨውን ራሱ ነጣጥሎ ስለሚጽፍ አይዝም። በዓይናችሁ ብቻ ነው የምታገኙት። ቻርጁንም በጽሑፍ መሳሪያ አትጻፉት፤ ኦክስጅኑ ሃይድሮጂን ይጨምርና ክብደቱ ይዛባል። የናይትሮ ቡድን (አንድ ናይትሮጂን ከሁለት ኦክስጅን ጋር) ላይም እንዲሁ ነው፤ ናይትሮጂኑን ሁለት ድርብ ቦንድ ካስያዛችሁት አምስት ቦንድ ይሆንና ሶፍትዌሩ ሊያስጠነቅቃችሁ ይችላል። ለናይትሮጂኑ መደመር፣ ለአንዱ ኦክስጅን መቀነስ ስጡ።

ወደ ጽሑፍ ማስገባት

መጠኑን ዎርድ ውስጥ በመጎተት አታስተካክሉ። አንዱ ሥዕል ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ፣ ፊደሉም የተለያየ ይሆናል። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ጆርናሎች የሚጠቀሙበት ልክ ለመመረቂያ ጽሑፍም ይመቻል፦ የቦንድ ርዝመት 0.508 ሴንቲ ሜትር፣ የመስመር ውፍረት 0.6 ፖይንት፣ የድርብ ቦንድ ክፍተት የርዝመቱ 18 በመቶ፣ ፊደሉ ኤሪያል 10 ፖይንት። ኬምድሮው ውስጥ «ኤሲኤስ ዶኩመንት 1996» በሚል ስም ተዘጋጅቶ ይገኛል። ሌሎቹ ላይ ቁጥሮቹን በቅንብሩ (ሴቲንግ) ውስጥ ራሳችሁ አስገቡ፤ ከመሳላችሁ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ከስክሪን ላይ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ሲታተም ይደበዝዛል። ሲያድጉ በማይደበዝዙት የፋይል ዓይነቶች፣ በኤስቪጂ ወይም በኢኤምኤፍ፣ አውጡት፤ በፒኤንጂ ከሆነ ቢያንስ 600 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች)። የአማርኛ መግለጫውን ሶፍትዌሩ ውስጥ ሳይሆን ዎርድ ውስጥ ከሥዕሉ በታች ጻፉት፤ አለዚያ ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የሚታረመውንም ፋይል አስቀምጡ። አንዱን በሶፍትዌሩ በራሱ ዓይነት፣ ሌላውን የአተሞቹን ትስስር በሚመዘግበው በሞል ፋይል፤ ሞል ፋይል ሁሉም ዘንድ ይከፈታል፣ ቀስትና ጽሑፍ ግን አይይዝም። አማካሪያችሁ «ይህችን ሜቲል ወዲህ አድርጋት» ሲሉ እንደ አዲስ ከመሳል ያድናችኋል። መብራት ድንገት ስለሚጠፋም በየሥዕሉ መጨረሻ ኮንትሮልና ኤስን ተጫኑ።

ደሴ ፒያሳ ወዳለ ማተሚያ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ሶፍትዌራችሁም ፊደላችሁም ላይኖረው ይችላል፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ደግሞ ለአንዲት ፋይል ተመልሶ አይወርድም። ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ገጽ አስወጥታችሁ በማስመሪያ ለኩ፦ የቤንዚን ቀለበት ከአንዱ ማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ካነሰ ማተሚያው ገጹን አጥብቦታል፤ መጠኑን 100 በመቶ ላይ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።