ይህ ጓድ ስንት ጥይት ይችላል?

በትንንሽ የወታደር ሞዴሎችና በዳይስ የሚካሄድ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ አብሮኝ የሚጫወት አንድ ጓደኛዬ አዲስ ጓድ (የሞዴሎች ቡድን) ቀለም ቀብቶ ባመጣ ቁጥር «ይሄማ አይነኬ ነው» ይለኛል። እኔም ሁሌ የምጠይቀው አንድ ነው፦ በምን ሲመታ?

መልሱን ለማግኘት ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። የማሳያችሁ በዋርሃመር 40,000 ሕግ ነው። ሌላ ጨዋታ የምትጫወቱ ከሆነ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ሕግ ተኩ፤ ስሌቱ ያው ነው።

አንድ ጥይት ጉዳት የሚያደርሰው ሦስት ዳይስ ካለፈ በኋላ ነው፦ መምታት፣ ማቁሰል፣ ጋሻ (የተመታው ጥይቱን የሚመክትበት ዳይስ)። 3+ ማለት 3ና ከዚያ በላይ ከወጣ ተሳካ ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሉ 4/6 ነው። ለማቁሰል የመሣሪያውን ኃይል ከሞዴሉ ጥንካሬ ጋር እናነጻጽራለን። እኩል ከሆኑ 4+፣ ኃይሉ ከበለጠ 3+፣ እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ 2+። ኃይሉ ካነሰ 5+፣ ግማሽና ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ 6+።

ከዚያ ሦስቱን ማባዛት ነው። ጋሻው ላይ ግን ልብ በሉ፤ የሚባዛው ጋሻው የሚከሽፍበት ዕድል ነው።

ሁለት ወታደሮች እንውሰድ። ከባዱ ጥንካሬው 4፣ ጋሻው 3+፣ ላይፉ (ከመሞቱ በፊት የሚችለው ጉዳት) 2 ነው። ቀላሉ ጥንካሬው 3፣ ጋሻው 5+፣ ላይፉ 1 ነው። በ3+ የሚመታ፣ ኃይሉ 4፣ ጉዳቱ 1 የሆነ ተራ ጠመንጃ ይተኩስባቸው።

ከባዱ ላይ፦ 4/6 × 3/6 × 2/6 = 1/9። አንድ ላይፍ ለመቀነስ በአማካይ 9 ጥይት፣ ለመግደል 18 ጥይት ያስፈልጋል። ቀላሉ ላይ፦ 4/6 × 4/6 × 4/6 = 8/27። 3.4 ጥይት ገደማ ይበቃዋል።

አሁን መሣሪያውን ቀይሩ። ኃይሉ 5፣ ጋሻን በ2 የሚቀንስ፣ ጉዳቱም 2 ይሁን። የከባዱ ጋሻ 5+ ይሆንና አንድ ያለፈ ጥይት ብቻውን ይገድለዋል። 18 የነበረው ወደ 3.4 ወረደ! ቀላሉ ጋሻው ጭራሽ ይጠፋል፤ እሱ ግን ከ3.4 ወደ 2.25 ብቻ ነው የሚወርደው። መጀመሪያም ብዙ የሚያጣው ነገር አልነበረውማ።

ነጥብ፣ ማለትም ሞዴሉን ሠራዊት ውስጥ ለማስገባት የሚከፈለው የጨዋታ ዋጋ፣ ሲገባበት ነገሩ ይለይለታል። ከባዱ 20፣ ቀላሉ 7 ነጥብ ያወጣሉ እንበል። የጥይቱን ብዛት ለነጥቡ አካፍሉ። በተራው ጠመንጃ ከባዱ 0.9፣ ቀላሉ 0.48 ያገኛሉ። በሁለተኛው መሣሪያ ግን 0.17 ለ0.32 ነው። ደረጃቸው ተገለበጠ። ለዚህ ነው ተጋጣሚዬ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳላውቅ «ጠንካራ ጓድ» የሚባል ነገር የማልገዛው።

ጋሻ ላይ አንድ መጨመር ሁልጊዜ እኩል ዋጋ የለውም። ከ6+ ወደ 5+ ስትሄዱ የመክሸፍ ዕድሉ ከ5/6 ወደ 4/6 ይወርዳል፤ ዕድሜው በሩብ ይረዝማል። ከ3+ ወደ 2+ ግን ከ2/6 ወደ 1/6 ስለሚወርድ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። አንድ ልዩ ችሎታ ጋሻን በ1 የሚያሻሽል ከሆነ ለማን እንደምሰጠው አላመነታም።

የሚባክን ጉዳትም አለ። ከአንድ ሞዴል የተረፈ ጉዳት ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም። 3 ላይፍ ያለው ሞዴል ጉዳቱ 2 በሆነ መሣሪያ ሲመታ ሁለት ጊዜ መመታት አለበት፤ ልክ 4 ላይፍ እንዳለው ማለት ነው። ሠራዊት ስመርጥ ይህችን ትንሽ ነገር በጣም እወዳታለሁ።

አማካይ ግን ብቻውን ያሳስታል። ከባዱ ላይ 9 ጥይት ተተኩሶ ምንም ላይፍ የማይጎድልበት ዕድል ስንት ነው? 8/9ን ለራሱ ዘጠኝ ጊዜ አባዙ፤ 35 በመቶ ገደማ ይወጣል። ሁለቱንም ላይፍ አጥቶ የሚሞትበት ደግሞ 26 በመቶ ገደማ ነው። በአማካይ ይገድለዋል ባልነው 18 ጥይት እንኳ 39 በመቶ ያህል ይተርፋል። አንድ ሞዴል ብቻውን ቦታ ይዞ እስከሚቀጥለው ዙር እንዲቆይ ስፈልግ የማየው ይህንን 39 ነው፤ 18ቱን አይደለም።