የአሮጌ ታንከር መርከብ ታሪክ ስትቆፍሩ ስሟን ብቻ አትከተሉ

የጥንት የእንፋሎት ታንከር (ነዳጅ ጫኝ መርከብ) ታሪክ መፈለግ ሲጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስሟን ጎግል ላይ ይጽፋል፣ ስም ደግሞ ያምታታል። ሙሬክስን ውሰዱ፣ በ1892 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) እንግሊዝ ዌስት ሃርትልፑል ተሰርታ ከጥቁር ባህሩ ወደብ ከባቱሚ ላምባ ጭና በስዊዝ ካናል ያለፈችው ናት፣ ግን የነዳጅ ኩባንያው ሼል ይሄንኑ ስም በኋላ ለሌሎች መርከቦችም ሰጥቶታል፣ እና የሌላዋን ታሪክ ለዚችኛዋ ስትለጥፉ ልትውሉ ነው።

የሚያዋጣው ኦፊሻል ነምበር ነው። የእንግሊዝ መርከብ ስትመዘገብ የሚሰጣት ቁጥር ሲሆን በእንግሊዝ መዝገብ እስካለች ድረስ ባለቤትም ስምም ቢቀየር እሱ አይቀየርም። የመርከቦች ዓመታዊ መዝገብ የሆነው የሎይድስ ሬጅስተር የድሮ ቅጾች ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አሉ፣ ከተሰራችበት ዓመት ቀጥሎ ያለውን ክፈቱና ቁጥሩን፣ ባለቤቱን፣ ሰሪውን ያዙ፣ ጽሁፉ ደቃቅ ነው ዙም አድርጉ።

ስራዋን የምታገኙት ጋዜጣ ላይ ነው። የሲንጋፖር ብሄራዊ ቤተ መጻህፍትና የአውስትራሊያው ትሮቭ ድረገጽ የድሮ ጋዜጦችን በነጻ ያስፈትሻሉ፣ የመርከብ መግቢያና መውጫ ዓምዱን እዩ። ታንከሯ ስትመለስ ሩዝ ጫነች የሚል ብታዩ ሌላ መርከብ ናት ብላችሁ እንዳትተዉት! የሼል መስራች የማርከስ ሳሙኤል ታንከሮች ላምባውን ካራገፉ በኋላ ታንካቸው በእንፋሎት ታጥቦ ደረቅ እቃ ይዘው እንዲመለሱ ታስቦ ነው የተሰሩት፣ ባዶ መመለስ ኪሳራ ነዋ። (ሩዙ ላምባ ላምባ አይልም ወይ? እኔም የምጠይቀው እሱን ነው።)

ሰራተኞቹን ከፈለጋችሁ የ1915 ክሩ ሊስቶች (የመርከበኞች ዝርዝሮች) ኦንላይን አሉ፣ ስም፣ እድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የስራ መደብ ይዘዋል። ፋየርማኖቹ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ። ያኔ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ አካፋ ይዘው እሳቱን ከሰል ከሚያበሉት ብዙዎቹ ከኤደን ወደብና ከሶማሌ የመጡ ናቸው፣ ስማቸውን ጸሃፊው ጆሮው እንደሰማው ነው የጻፈው፣ ስለዚህ በስም ሰርች አታድርጉ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይናችሁ ውረዱበት። ከ1915 ውጪ ያሉት አብዛኞቹ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

መጨረሻዋን ለማወቅ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ከሆነ ዩቦት ኔት የሚባለው ድረገጽ ላይ ግቡ፣ የጀርመን ሰርጓጆች ያሰመጧቸው መርከቦች ዝርዝር አለው፣ ሙሬክስን የጀርመን ሰርጓጅ በ1916 ዲሴምበር ከፖርት ሰይድ ወዲያ ሜዲትራኒያን ላይ እንዳሰመጣት እዛ አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች ከሬጅስተሩ የጠፋችበትን ዓመት ያዙና ተሰብራ ይሁን ለብረት ተሽጣ የዛን ዓመት ጋዜጦች ፈትሹ።