ሲአይፒ ታጥቦም ሽታው አልለቀቀም? ካስቲክ ከመጨመራችሁ በፊት

ማሽኑ ሳይፈታ የሚታጠብበት ዘዴ፣ በወተት ፋብሪካ ቋንቋ ሲአይፒ፣ ሲያስቸግር የመጀመሪያው ትእዛዝ «ካስቲክ ጨምሩበት!» ነው፤ ካስቲክ ሶዳ የሚባለው ኃይለኛ የማጠቢያ ኬሚካል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው መድኃኒቱ ላይ ሳይሆን ውሃው አካሄድ ላይ ነው።

ቧንቧው ውስጡ ያሟልጫል

ውሃው ያልፋል እንጂ አይፈትግም። ቧንቧ የሚጠራው ውሃው በሰከንድ ቢያንስ 1.5 ሜትር ሲሮጥ ነው። ለባለ 2 ኢንች ቧንቧ ይህ በሰዓት ወደ 10 ሺህ ሊትር ይሆናል። መለኪያ ከሌላችሁ በርሜል አይጠፋም። በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ብቻ፣ መመለሻው ጫፍ ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል ደቅኑና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ72 ሰከንድ ገደማ መሙላት አለበት። ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ የፓምፑ ኢምፔለር (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ተበልቷል፣ ወይም አንዱ ቫልቭ በግማሽ ነው የተከፈተው። በዚህ ሁኔታ ካስቲክ መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው።

ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይጮኻል

ይሄ የደጋ ችግር ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ካስቲኩን 85 ካደረሳችሁት፣ ፓምፑ ሲስበው ውስጡ መፍላት ይጀምራል። ሙቀቱን ወደ 75 አውርዱ፣ የታንኩን ውሃ ከፍ አድርጉ፣ የመሳቢያውን ቫልቭ ሙሉ ክፈቱ። ካልተወው የመሳቢያው ጉሚኒ አየር እያስገባ ይሆናል።

ነጭ፣ ሻካራ ቅርፊት

የወተት ድንጋይ፣ ማለትም ብረቱ ላይ የተጋገረ የወተት ማዕድን ነው፤ ካስቲክ ብቻውን አያነሳውም። ካስቲኩን በደንብ አለቅልቁና ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ አዙሩበት። ስትበጠብጡ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። በረኪና ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

ቅርፊቱ ፓስቸራይዘሩ (ወተቱን በሙቀት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ላይ ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ የመጀመሪያውን ማለቅለቂያ ጠርጥሩ። አንዱ «በሙቅ ይሻላል» ብሎ ይሆናል። ከ60 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ የወተቱን ፕሮቲን ብረቱ ላይ ያበስለዋል፤ ቀዝቃዛው ደግሞ ቅቤውን ያረጋዋል። ለብ ያለ ይበቃል።

ታንኩ ጎን ላይ አንድ መስመር ብቻ ቆሽሾ ቀረ

የመርጫው ኳስ፣ ታንኩ ውስጥ ውሃውን የሚረጨው ባለ ቀዳዳ ኳስ፣ አንድ ቀዳዳው ተደፍኗል። ሳይፈታ ይታጠባል ቢባልም ይህቺ ትፈታለች። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የተበጣጠሰ ጉሚኒ ነው፤ ስለዚህ ከየትኛው መጋጠሚያ እንደመጣ ፈልጉ።

ሁሉም ያበራል፣ ላብራቶሪው ግን ጣለው

ቧንቧውን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሉ። ድሮ ማሽን ተነቅሎ አፉ በክዳን የተዘጋ ቅርንጫፍ አይጠፋም። ውሃው በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይገባበትም፤ የቆየ ወተት እዚያ ይተኛል። ክዳኑን ስትከፍቱ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። በያጅ ጠርታችሁ ከሥሩ አስቆርጡት።