ስለ ተከታይ ፊልሞች በቁም ነገር ለመከራከር፦ የ«ኤሊየን» ምሳሌ

ሰዎች ስለ አንድ ተከታታይ ፊልም ሲከራከሩ አስቀድመው ሊጠያየቁት የሚገባው የትኛውን ቅጂ እንዳዩ ነው። ጄምስ ካሜሮን በ1986 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያዘጋጀው፣ በጠፈር ላይ ሰዎችን ስለሚገድል ባዕድ ፍጡር የሚተርከው የ«ኤሊየን» ተከታታይ ሁለተኛ ክፍል፣ «ኤሊየንስ»፣ ለሲኒማ ቤት ሲቀርብ 137 ደቂቃ ነበር፤ ኋላ የወጣው ረጅሙ ቅጂ ግን 154 ደቂቃ ይወስዳል። በተጨመሩት ትዕይንቶች ውስጥ የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ሪፕሊ፣ በጠፈር ላይ ተኝታ በቆየችባቸው 57 ዓመታት ልጇ አርጅታ መሞቷን ትሰማለች። ይህን ያየ ተመልካች፣ ሪፕሊ ትንሿን ልጅ ኒውትን ፍለጋ ወደ አደጋው ስትመለስ በውስጧ የእናት ሐዘን እንዳለ ያውቃል፤ አጭሩን ቅጂ ብቻ ያየው ግን የሚያስተውለው ድፍረቷን ነው።

ቀጥሎ የሚመዘንበት ነገር በግልጽ ይነገር። የሪድሊ ስኮት የ1979 ፊልም ሰባት የመርከብ ባልደረቦችንና አንድ ፍጡርን በጠባብ ቦታ ዘግቶ ያስፈራል፤ ካሜሮን ደግሞ ወታደሮችንና ብዙ ፍጡራንን አምጥቶ ታሪኩን ወደ ጦርነት ፊልም ለወጠው። «እንደ መጀመሪያው አያስፈራም» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ሆኖም በዚህ ብቻ ፊልሙን ዝቅ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም። እኔ የምመርጠው ሚዛን፣ ተከታዩ ከቀዳሚው የተረከበውን ነገር ምን እንዳደረገበት የሚጠይቅ ነው። ካሜሮን ከመጀመሪያው ክፍል በሕይወት የተረፈችውን ሴት ተረክቦ፣ የደረሰባት ነገር ምን እንዳደረጋት አሳይቷል፤ ሪፕሊን የተጫወተችው ሲጎርኒ ዊቨርም በዚህ ሚና ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ታጭታለች።

ክርክሩ የሚከረው በ1992ቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው። ሪፕሊ በብዙ መከራ ያዳነቻት ኒውትና ወታደሩ ሂክስ ገና በመክፈቻው ይሞታሉ፤ ብዙ ተመልካቾችም የቀደመው ፊልም ድል ከንቱ እንደቀረ ተሰምቷቸዋል። እዚህ ላይ «አሳዘነኝ» የሚለውን «በደካማ ሁኔታ ተሠርቷል» ከሚለው መለየት ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ሞቱ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ ቅሬታው የሚጸናው ሁለቱም አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ አንድ ምርጫ ሳያደርጉ በመወሰዳቸው ነው። በሌላ በኩል ፊልሙ ሐዘኑን አቃልሎ አላለፈም፦ ታሪኩ በሚፈጸምበት እስር ቤት አስከሬኖቹ ወደ ብረት ማቅለጫው እሳት ሲወርዱ፣ እስረኛው ዲሎን የስንብት ንግግር ሲያደርግ፣ በዚያው ቅጽበት አዲሱ ፍጡር ይወለዳል። በሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ ከውሻ ነው የሚወለደው፤ በ2003 በወጣው ረጅም ቅጂ ግን ከበሬ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚህም ይመለሳል። ቀረጻው የተጀመረው የፊልም ጽሑፉ ሳይጠናቀቅ መሆኑንና ዴቪድ ፊንቸርም ያኔ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ይሠራ እንደነበር ማንሣት ይጠቅማል፤ ይህ ግን ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ያስረዳል እንጂ ጉድለቱን አይፍቅም።

ስኮት በ2012 እና በ2017 የሠራቸው ሁለት ፊልሞች ከ1979ኙ ታሪክ በፊት የተፈጸመውን ስለሚተርኩ በሌላ ጥያቄ ይመዘናሉ፦ የፍጡሩን አመጣጥ መግለጥ ፍርሃቱን ያጠነክረዋል ወይስ ያሳሳዋል?

ተከራካሪዎ አንድን ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚንቅ ከሆነ፣ በዚያው ፊልም ውስጥ የሚወደውን አንድ ትዕይንት እንዲጠቅስ ይጠይቁት፤ ከዚያም መልስ ከመስጠትዎ በፊት ትዕይንቱን አብራችሁ እንደገና ተመልከቱት።