ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ክፍል ለሚያልፍ ልጅ አንድ ደብተር

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ በ6ኛ ክፍል ስለሚያበቃ፣ አብዛኞቻችን ወላጆች ሐሳባችንን ሁሉ በዓመቱ ማብቂያ በሚሰጠው ፈተና ላይ እናደርጋለን። እኔ ግን ከፈተናው ይልቅ የሚያሳስበው የቋንቋው ሽግግር ነው እላለሁ፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብንና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ይማራልና።

የመጀመሪያ ልጄ ክፍልፋይን አሳምሮ እያወቀ፣ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ «ኒውሜሬተር» የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ብዕሩን አስቀመጠ። ላዕል ማለት እንደሆነ ስነግረው ጥያቄውን ወዲያው ሠራው። ስለዚህ ለታናሽ እኅቱ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁና ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ በኩል በአማርኛ መጽሐፏ ያገኘችውን ቃል፣ በቀኝ በኩል የእንግሊዝኛውን አቻ ትጽፋለች፤ ለምሳሌ ታሕት ከዲኖሚኔተር፣ ብርሃን አስተጻምሮ ከፎቶሲንተሲስ ጋር ይጣመራሉ።

በቀን አምስት ቃል ይበቃል። ከዚያ በላይ ማስጨነቅ ደብተሩን ያስጠላል፤ ይልቁንም ከቃሉ ሥር አንድ የተሠራ ምሳሌ ብታሰፍር ይሻላል፣ ቃሉ ብቻውን ቶሎ ይረሳልና። ሥራው ክረምት እስኪገባ ባይጠብቅና አስተማሪዋን መጠየቅ በምትችልበት በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ቢጀመር ይመረጣል። የልደት ምስክር ወረቀቱንና የ6ኛ ክፍል ውጤቱን ግን በሐምሌ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በምዝገባ ሰሞን ሰልፉ ረጅም ነው።