የስኳር መለኪያውና ስልኩ ቤት ከገቡ ወዲህ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። ድሮ ለአንድ ልኬት ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘን ግማሽ ቀን እናጠፋ ነበር። ሪፈር ከተጻፈልን ደግሞ ጥሩነሽ ቤጂንግ፣ አለዚያም የቃሊቲን መንገድ ታግለን ጥቁር አንበሳ። አሁን የስኳር መለኪያው መሳቢያ ውስጥ አለ። የግፊት ማሽኑ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። የቀጠሮ ማስታወሻ በስልክ ይመጣል። ከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የታክሲ ሰልፍ ቀረለት ማለት ለታመመ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ስለዚህ ዕቃው እጃችን ላይ እያለ በትንሽ ስህተት ሰው ሲጎዳ ሳይ ያንገበግበኛል።

ቁጥሩን አይቶ መለኪያውን አለማየት

እኛ ብሎክ ላሉ አንዲት እናት ልጃቸው ከካናዳ የስኳር መለኪያ ላከችላቸው። አንድ ምሽት በሬን አንኳኩ። "ልጄ፣ ስኳሬ ወርዷል መሰለኝ፤ ነይ እስቲ እዪልኝ" አሉኝ። ቤታቸው ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ተቀምጧል። ማሽኑ 14.1 ይላል። "ባለፈው ጤና ጣቢያ 180 ነበር፤ አሁን 14 ገባ" አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆውን ሊያነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኳቸው።

ስኳራቸው አልወረደም። በጣም ወጥቷል። እኛ አገር የስኳር መጠን የምንናገረው በሚሊግራም ነው፤ 90፣ 120፣ 200 እያልን። ካናዳና እንግሊዝ የሚሸጡ ማሽኖች ግን የሚያሳዩት በሚሊሞል ነው። ወደ እኛው ለመመለስ ቁጥሩን በ18 ማባዛት ነው። 14.1 ማለት እንግዲህ 254 አካባቢ ነው። ስኳር ዝቅ አለ የሚባለው ከ70 በታች ሲሆን ነው፤ ያ በሚሊሞል 3.9 ነው። በማግስቱ ፕላስተር ላይ "በ18 ይባዛ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ማሽናቸው ጀርባ ላይ ለጠፍኩላቸው።

ከውጭ ዘመድ መለኪያ የሚልክልዎ ከሆነ ሳይገዛ በፊት ይህን ይንገሩት። ደሙ የሚነካበት ቁራጭ፣ ስትሪፑ፣ እዚህ ይገኝ እንደሆነም ያጣሩ። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። አብሮ የመጣው ስትሪፕ ሲያልቅ ማሽኑ ዝም ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ እንዲህ የቀሩ ብዙ አይቻለሁ።

እጅ ሳይታጠቡ መለካትም አለ። እናቴ አንድ ቀን ፓፓያ ልጣ ስትለካ 300 አለፈ። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ ስትደግመው 160 ሆነ። የተለካው ጣቷ ላይ የቀረው የፓፓያ ጭማቂ ነበር።

ግፊትን ከደረጃ እንደወጡ መለካት

አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍት የለም። እናቴ ከገበያ መጥታ ዘንቢሏን እንዳስቀመጠች ነበር ክንዷን የምትዘረጋው። ሹራቧን ሳታወልቅ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራችልኝ። ማሽኑ ከፍ ያለ ቁጥር ሲያወጣ ሁለታችንም እንደነግጥ ነበር።

ትክክለኛው አለካክ ጊዜ አይፈጅም። ቢያንስ አምስት ደቂቃ አረፍ ይበሉ። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ጀርባ ይደገፍ፣ እግር ሳይቆላለፍ መሬት ይርገጥ። ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ክንዱም ጠረጴዛ ላይ፣ ከልብ ጋር በእኩል ከፍታ ይቀመጥ። እየተለኩ አያውሩ። አንድ ደቂቃ ቆይተው ይድገሙና ሁለቱንም ከነቀኑ ይጻፉ። ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪም ማሳየት ነው። በአንድ ቀን ቁጥር ተነስቶ ኪኒን መጨመርም ሆነ ማቆም ግን አደገኛ ነው።

"8:30" የማን ሰዓት ነው?

ኮዬ ፈጬ ለምትኖረው አክስቴ መልእክት መጣላት። ምግብ ሳትበላ በ8:30 ለደም ምርመራ እንድትቀርብ ይላል። እሷ በእኛ ሰዓት ቆጥራ ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ላይ ደረሰች። ኮምፒውተሩ የጻፈው ግን ጠዋት ሁለት ተኩልን ነው። ስኳር ያለባት ሴት እስከዚያ ሰዓት ድረስ ባዶ ሆዷን ነበረች። ላብራቶሪው ናሙና መቀበል አቁሟል። ስደርስ ራሷን አዙሯት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላለች።

ቀኑም እንደዚያው ነው። 12/03 የሚል ቀጠሮ በፈረንጆቹ ከሆነ መጋቢት 3 ነው። በእኛ ከሆነ ደግሞ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። መልእክት ሲደርስዎ ደውለው "ጠዋት ነው ከሰዓት? ወሩ ማን ነው?" ብለው ይጠይቁ። ለመድኃኒት አላርም ሲሞሉም ይጠንቀቁ። ጠዋት 2 ሰዓት ለማለት 2:00 ብለው ከሞሉት፣ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጮሃል።

"ኮምፒውተር ላይ አለ" ብሎ ወረቀት መጣል

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። "ሲስተም የለም" የሚለውን ቃል ያልሰማ የሰፈራችን ሰው የለም። በዚያ ላይ አንዱ ጤና ጣቢያ የመዘገበው ሌላው ጋ ላይታይ ይችላል። የካርድ ቁጥርዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን፣ የማይስማማዎትን መድኃኒት በአንድ ወረቀት ጽፈው ይያዙ። እኛ የእናቴን ከጤና መድን ደብተሯ ጋር በፌስታል አድርገን በሩ ጀርባ ሰቅለነዋል።

ሕመምን በአማርኛ ተናግሮ የማሽን መልስ ማመን

ልጆቻችን ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠይቁት ስልኩን ሆኗል። መጠየቁ አይከፋም። ግን የእኛን የሕመም አነጋገር ማሽኑ እንደኛ ላይረዳው ይችላል። "ልቤን አቅለሸለሸኝ" የምንለው ስለ ልብ አይደለም፤ ሊያስመልሰን ሲል ነው። ወገቡን የወጋው ሰው ሁሉ "ኩላሊቴን" ይላል። "ምች መታኝ" የሚለውንማ ማን ይተረጉመዋል? ነርሷ ስትሰማ "የት ጋ ነው? አሳዪኝ" ብላ በእጇ ትነካለች። ቃሉ ከሳተ መልሱም ይስታል። የግድ ከጠየቁ የሚሰማዎትን በሰውነት ክፍልና በጊዜ ይግለጹት፦ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያባብሰው። ያንኑ ጽሑፍ ለሐኪሙ ያሳዩት። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ሰው ካርድ ክፍል ሳይደርስ ሐሳቡን ያሰባስባል።

ሰዓት ስኳር ይለካል ብሎ መግዛት

አይለካም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 እ.ኤ.አ. በግልጽ አስጠንቅቋል። ቆዳ ሳይበሳ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው የእጅ ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንደሌለ ተናግሯል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በእንዲህ ያለ ቁጥር መጠኑን ቢያስተካክል ራሱን ሊስት፣ ከዚያም አልፎ ሊሞት ይችላል። ገንዘቡን ለስትሪፕ ያውሉት።

ውጤትን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ

"ዶክተር ካለ ያንብብልኝ" ብሎ የላብራቶሪ ወረቀት ከነስምና ስልክ ቁጥር መልቀቅ ተለምዷል። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙ መረጃዎች አንዱ ነው። ሕጉ ቢኖርም አንዴ የተለቀቀን ፎቶ ማን ሰብስቦ ይጨርሰዋል? ለሚያውቁት ሐኪም ብቻ፣ በግል ይላኩ። ስትልኩ ደግሞ ሙሉውን ገጽ አንሱት። ቀኑና የጤናማው መጠን የተጻፈበት ጎን ከተቆረጠ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም።

እዚያው ግሩፕ ላይ መድኃኒት የሚሸጡም አሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በሞተር ሳይክል ፀሐይ ላይ ሲዞር የዋለውን በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም።

ድንገተኛ ሕመም ሲመጣ መጻፍ

ፊት አንድ ወገን ሲጣመም፣ አንድ እጅ አልነሳ ሲል፣ ንግግር ሲተሳሰር ቪዲዮ ቀርጾ ለዘመድ ልኮ መልስ መጠበቅ የለም። ይህ የስትሮክ ምልክት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከእኛ ሰፈር መንገዱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ደረት ጨምድዶ ሲይዝ፣ ትንፋሽ ሲያጥርም እንዲሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የደረሰ መኪና ካለ ደግሞ አትጠብቁ፣ ተነሱ። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

አምቡላንስ ከጠራችሁ ስልኩ በደንብ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው፤ ሎኬሽን ላኩ። የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ግን ሁሉም አንድ ይመስላሉ፣ ካርታውም የጀርባውን በር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ይቁም። ጨለማ ከሆነ የስልኩን መብራት አብርቶ ያወዛውዝ።